በአሞስ ጣሪያ ላይ የወጣው ሰው

አሞስ የግንድ ጎጆው ውስጥ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ሞቶ ተገኘ። ከንፈሩ በሕይወት ካለ ሰው ከንፈር ይልቅ ቀልቶ ነበር።

መርማሪ ሮዛሊ ከወንዙ ታች ካለችው መንደር በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ሞተሯን እየነዳች ስትደርስ፣ ፀሐይ ተራራው ጫፍ ላይ ለአፍታ ብቅ ብላ ሸለቆውን ሁሉ ሮዝ አስመስላው ነበር። ብርዱ ግን ትንፋሽ ያቆራርጣል።

በሩ ላይ ሦስት ሰዎች ጠበቋት፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም ክሌመንት፣ ጎረቤቱ ሞሪስና ሬሳውን ያገኘችው የእህቱ ልጅ ሊዲያ።

«ጭስ ነው የገደለው» አለ ክሌመንት። «የምድጃውን ቱቦ በረዶ ደፍኖት ነበር። እኔው ነኝ የጠረግኩት።»

«ሳምንቱን ሙሉ መቼ በረዶ ጣለና?» አለ ሞሪስ።

«ከዛፍ ወድቆ ይሆናላ! ይልቅ አንተ በወጥመድ ቦታ ይገባኛል ከአሞስ ጋር ስትጣላ አልነበር?»

«ተጣልተናል፤ ታርቀናልም።»

ሮዛሊ ጣሪያው ላይ ወጣች። የቱቦውን አፍ አሸተተች፣ በቢላዋ የሆነ ነገር ፋቀችና ወረደች።

«ሊዲያ፣ አጎትሽ ሰሞኑን ምን አስቦ ነበር?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «ጫካ ውስጥ ወጥመድ የሚዘረጋበትን መስመር ለኔ ሊያወርስ። እሑድ ለት ለሁላችንም ነግሮናል።»

ሮዛሊ ሦስቱንም ምድጃው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«እሳት ሲነድ ቱቦው ይግላል። በረዶ ቢወድቅበት ይቀልጥና ጠርዙ ላይ ተመልሶ ይረጋል። እዚያ የረጋ ጠብታ የለም። ያለው ይሄ ነው» ብላ መዳፏን ዘረጋች፤ የተቃጠለ የአጋዘን ፀጉር ነበር። «አንድ ሰው ቱቦውን በፀጉራም የቆዳ ጓንት ደፍኖ፣ ኋላ አውጥቶታል። የሞሪስ ጓንት በገመድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። የሊዲያ ያው ምድጃው አጠገብ እየደረቀ ነው። ጋሼ ክሌመንት፣ እርስዎ በዚህ ብርድ የሱፍ ጓንት ብቻ አድርገው መጥተው ጣትዎ ነጭቷል። የቆዳዎቹስ የት አሉ?»

«ውሻ በላቸው።»

«ጓንቱን ለውሻ የሚጥል ሰው እዚህ አገር ስድሳ ዓመት አይኖርም፣ ጋሼ።»

ክሌመንት ከመቀመጫው ተነሣ። «አርባ ዓመት አብሬው ለፋሁ። ጫካውን ዛፍ በዛፍ አውቀዋለሁ። እሱ ግን ለዚች ሚጢጢ!»

«አጎቴ፣ አብረን እንሠራው ነበርኮ» አለች ሊዲያ። ቀና ብሎ አላያትም።

ሮዛሊ ክሌመንትን ይዛ ስትወጣ ሊዲያ የአሞስን ውሾች በበረዶ ላይ ለሚጎትቱት ጋሪ መጥመድ ጀመረች።

«ወዴት ነው?» አለ ሞሪስ።

«ወጥመዶቹ ከታዩ ሦስት ቀናቸው። የተያዘ አውሬ ካለ ይሰቃያል።»

«ብቻሽን?»

«መስመሩ የኔ አይደል?» አለችና ጋሪው ላይ ወጥታ ውሾቹን ነዳቻቸው።