ከኪዬቭ በፊት ኮሶ

ወርቁ ሳይዋሽ ከዋለ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። ፋንቱንም ያገኛት በውሸት ነው። በ1972 ክረምት ከወልድያ የመጣችበት አውቶቡስ መርሳ ላይ ተበላሸና ወርቁ ሊጠግነው ከሥሩ ገባ። ምን እንደሆነ ብትጠይቀው፣ ሞተሩ ውስጥ ጅብ ገብቶ ተኝቷል፣ እስኪነቃ መጠበቅ ነው አላት። ሳቀች። ዘይት የጠጣ ፊቱን ቀና አድርጎ አያት፤ ዓይኗ ላይ ሲቆይ ብሎኑ ከእጁ ወደቀ።

ዓመት ሙሉ ተዋደዱ። ጭንቁ የመጣው ፋንቱ በቀበሌው በኩል ባሕር ማዶ ኪዬቭ ሄዳ የእርሻ ትምህርት እንድትማር የተመረጠች ጊዜ ነው። ተምራ ስትመለስ ሲሪንቃ፣ ዘር ከሚሞከርበት እርሻ ገብታ ለመሥራት ነበር ምኞቷ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እህል አልዋጥ አላት። ቀበሌው ሐሳቡን ቢለውጥስ? ቋንቋው አልገባ ቢላትስ? እናቷ ብቻቸውን ቢታመሙስ? የቀረው ሐሙስ ወልድያ የሚደረገው የጤና ምርመራ ነው፤ እሱን የወደቀ በሌላ ሰው ይተካል።

ወርቁም ሆዱ ሲባባ ወሬ ይፈጥራል። ኪዬቭ ጥላ እንኳ በርዶ መሬት ላይ ስለሚጣበቅ፣ ሰው ጥላውን መንቀያ መጥረቢያ ይዞ ነው የሚወጣው አላት። ፈገግ አለች። ማክሰኞ ዕለት ስለ ምርመራው ደጋግማ ስትጠይቀው ደግሞ፣ ሐኪሞቹ ሆድ ዕቃ የሚያሳይ መነጽር አላቸው፣ ኮሶ ያዩበትን ሰው ስሙን እዚያው ይሰርዛሉ አለ።

አልሳቀችም። ሆዷን በእጇ ዳሰሰች። መርሳ ውስጥ ኮሶ የሌለበት ማን አለ? ቀልዴን ነው ለማለት አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ፋንቱ፣ ሰው ከሚጠጣው እጥፍ የሆነ የኮሶ መድኃኒት በጥብጣ በባዶ ሆዷ ጨለጠችው።

ሐሙስ ጠዋት እናቷ እትዬ የሺ ወርቁ የሚሠራበት ጋራዥ ደጅ ቆሙ። ልጃቸው ስታስመልስ ማደሯን፣ እግሯ አልቆም ብሎ አውቶቡሱ እንዳመለጣት ነገሩት።

«ስለ አንድ መነጽር ትለፈልፋለች። አንተ የምታውቀው አለ ልጄ?»

ወርቁ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ሮጠ። አለቃውን አስፋውን ለምኖ የጭነት መኪናውን ወሰደና ፋንቱን አሳፍሮ ወደ ወልድያ ነዳ።

ሲሪንቃ ላይ ታስመልስ ብሎ ቆመላት። ተመልሳ ስትቀመጥ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ተናገረ።

«መነጽር የሚባል የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ስትስቂ ለማየት ነበር።»

«አልሳቅሁም እኮ። አይተኸኛል።»

«አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ብትወድቂ ትቀሪልኛለሽ ብዬ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ንዳው» አለችው። ወልድያ ሲደርሱ ከሐኪሙ ክፍል ደጅ ሰልፍ ነበር።

መርማሪው ሐኪም የደም ግፊቷን ለክቶ ራሱን ነቀነቀ። በዚህ አቅሟ ባሕር ተሻግራ አትማርም፣ በተጠባባቂ ትተካ አለ። ወርቁ ሰልፉን ጥሶ ገባና ከመነጽሩ እስከ ኮሶው አንድ ሳይደብቅ ተናገረ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ እውነት ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ተሰላፊው ግን በሳቅ ፈረሰ።

«ጨርስልን እንጂ ወርቁ» አለው የአውቶቡሱን ወሬ የሚያውቅ አንድ ሹፌር። «ጅቡስ የቱ ጋ ነው የሚገባው?»

ሐኪሙም እየሳቀ በሩን አሳየው። ወርቁ አልወጣም። ዛሬ አልዋሸሁም ብሎ ማለ፤ ይሄኛው ደግሞ ይበልጥ አሳቀ።

ፋንቱ አግዳሚው ላይ ግድግዳውን እንደተደገፈች፣ «እውነቱን ነው» አለች። ድምፅዋ ክር አክሎ ነበር። ሳቁ ቆመ።

ሐኪሙ ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ አስጠጥቶ እዚያው አስተኛት። ወርቁ ደጅ ላይ የመኪናውን ቁልፍ ሲያገላብጥ ዋለ። ታልፍ ዘንድ ይለምናል፤ ልመናው ይሰምር ይሆን ብሎ ደግሞ ይፈራል። ከሰዓት በኋላ እንደገና ተለካች፤ አለፈች።

ስትወጣ ክንዱን ያዘች። ይቅር ማለቷ ይሁን መደገፊያ ማጣቷ አልገባውም።

«አምስት ዓመት ነው» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ስትጽፍልኝ የፈለግኸውን ዋሽ። ዝም ብቻ አትበለኝ።»

«እሺ» አለ ወርቁ። የመኪናውን በር ከፈተላት።