በቦታዬ የተቀመጠው ጆንያ

ይህን የምጽፈው ሰው ላስፈራራ ብዬ አይደለም። ሆኗል። የሆነውም በእኔ ላይ ነው።

ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ በግማሽ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው።

ክረምቱን ግን ላስቀድም።

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ ሲገባ ሆስፒታል ተኛሁ። ሐኪሞች ሆዴን በትናንሹ በስተው ጨጓራዬን ቆርጠው አሳነሱት። መጀመሪያ ውሃ በማንኪያ ጠጣሁ። ቀጥሎ እንደ ሕፃን የተፈጨ ነገር። ፀጉሬ ረገፈ። ቆዳዬ ከሌላ ሰው እንደተዋስኩት ልብስ ተንጠለጠለ። ብርድ የማላውቀው ሰውዬ በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ ተንቀጠቀጥኩ።

የራበው ግን ሆዴ አይደለም። ሆዴ ሦስት ማንኪያ ሲገባለት በቃኝ ይላል።

የራበው ጭንቅላቴ ነው። እሱን ማንም ቆርጦ አላሳነሰውም።

ከዚያ በፊት ሁለት ሰው አክል ነበር። አላፍርበትም። መተዳደሪያዬ ነበር።

ሥራችን የውሃ ጉድጓድ መቆፈር ነው። እኔና አማቼ፣ የሚስቴ ታናሽ ወንድም። እሱ ቀጭን ነው፣ ይወርዳል። እኔ ከላይ ገመድ እይዛለሁ። ከጉድጓዱ አፍ ራቅ ብዬ መሬቱን ጎድጎድ አድርጌ እቀመጣለሁ። እግሬን ድንጋይ ላይ እተክላለሁ። ገመዱን ወገቤ ላይ እጠመጥማለሁ። እሱ ታች ቢያዳልጠው እኔ ንቅንቅ አልልም።

ለዚህ ነው ሰው ሁሉ «ጉቶ» የሚለኝ። ሚስቴም «ጉቶዬ» ትለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ፣ ገና ጎልማሶች ሳለን፣ ግድግዳው ተናደበት። እስከ ደረቱ ተቀበረ። ሰዎች አፈሩን ዝቀው እስኪያወጡት ድረስ ገመዱን ወጥሬ ያዝኩት። ወገቤ ተላጠ። ሲወጣ እግሬ ላይ ወደቀ።

«ጉቶ፣ ነፍሴን አበደርከኝ» አለ። «አንድ ቀን እመልስልሃለሁ።»

ሳቅሁበት። እንዲህ ያለ ዕዳ በምን ይመለሳል?

ኋላ ጉልበቴ ከዳኝ። ስኳሩም መጣ። ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ ነገረኝ።

«አባባ፣ ወይ ክብደቱ ይሄዳል፣ ወይ እርስዎ ይሄዳሉ።»

«ይሂድ» አልኩ።

«ሰውነትዎ ቶሎ ይቀንሳል። ጭንቅላትዎ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ያን ጊዜ ከባድ ነው። የሚያዋሩት ሰው ይፈልጉ።»

«ሚስት አለችኝ» አልኩ። «አማችም አለኝ።»

አማቼ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«እና እኔን ማን ይይዘኛል?»

«ክረምቱ እስኪወጣ ነው። ቦታዬን ጠብቅልኝ።»

«ቦታህ የት ይሄዳል?» አለ። በእህቱ ስም ማለልኝ።

አመንኩት።

...

ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሙ ያለው ደረሰ።

በበር ስገባ አሁንም በጎኔ ነበር የምገባው። ወንበር ሳይ ይሰበር ይሆን ብዬ በእጄ እጫነዋለሁ። መስታወት ውስጥ የማየው ሽማግሌ የታመመ ዘመዴን ይመስላል። ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ የገዛሁበት ባለሱቅ «ምን ልታዘዝ አባባ?» አለኝ። አላወቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ምን ብዬ?

ሚስቴ ከእኔ ጋር መብላት ተወች።

«እንዳይከፋህ ብዬ እኮ ነው።»

ማድ ቤት ቆማ፣ በሩን ገፋ አድርጋ ትበላለች። ስታላምጥ እሰማለሁ። እዚህ ማዶ ማንኪያዬን ይዤ እንባዬ ይመጣል። ለምግብ ያለቀሰ ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ማለዳ በእንቅልፍ ልቧ እጇን ዘርግታ ዳሰሰችኝ። ጎኔ ላይ ስትደርስ እጇን ሰበሰበች።

«ምነው?»

«ምንም... የሌላ ሰው መሰለኝ።»

ይህንን ለማን ላውራ? የማዋራቸው እሷና ወንድሟ ነበሩ።

...

ክረምቱ ወጣ። መሬቱ ጠጠረ። አማቼ ሥራ ጀመረ ሲባል ሰማሁ። እኔን ግን አልጠራኝም።

ሚስቴ በየቀኑ ምሳ መቋጠር ያዘች። ከጓዳ ሆኜ አየኋት። ሁለት ሳህን ነው። አንደኛው ትንሽ። ሌላው የእኔ ሳህን ነው፣ ትልቁ፣ ከሆስፒታል ከተመለስኩ ወዲህ ያልነካሁት።

«ለማን ነው?»

«ለወንድሜ ነዋ።»

«ሁለት ሳህን?»

«ሁለት ናቸው...» አለችና አፏን ያዘች። «ይርበዋል ማለቴ ነው።»

ሳህኑ ማታ ተጠርጎ ነው የሚመለሰው። አማቼን አውቀዋለሁ። እንደ ወፍ ነው የሚለቅመው።

በማግስቱ እሷን ቀድሜ ወጣሁ።

ሜዳው ጭር ብሏል። ጉድጓዱ መሃል ላይ ነው። ዙሪያውን ትኩስ አፈር ተቆልሏል።

ከሩቅ አየሁት።

በቦታዬ ሰው ተቀምጧል።

ወፍራም። እግሩን ዘርግቶ። ገመዱ ወገቡ ላይ ተጠምጥሟል። የእኔን ካፖርት ለብሷል። ሚስቴ «ለችግረኛ ሰጠሁት» ያለችኝን።

ቀረብኩ...

ከኮሌታው በላይ ምንም የለም።

ጆንያ ነው። አፈር የሞላ ጆንያ ካፖርት ለብሶ። እጅጌው ውስጥ ሁለት የታሰረ ጨርቅ ተጠቅጥቋል። እንደ ክንድ።

አማቼ ከጉድጓዱ ብቅ አለ። በግድግዳው መርገጫ ነው የሚወጣ የሚወርደው። ገመዱ ከደረቱ ወደ ጆንያው ይሄዳል።

«እንደምን ዋሉ?» አለኝ።

ዋሉ። ያ ዕድሜ ልኩን «አንተ ጉቶ» ሲለኝ የኖረ ሰው አንቱ አለኝ። እንደ መንገደኛ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጉቶ ነው።»

«ጉቶ እኔ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ነበሩ።»

እሱ አፈሩን ከሱሪው እያራገፈ ፈገግ አለ።

«ሥራ ወዳድ ነው። ወገቤን አይል፣ ጉልበቴን አይል። ሐኪም ቤትም አይሄድም።»

«ቦታዬን ልትጠብቅልኝ ምለህ ነበር።»

«ጠበቅሁ እኮ። ይኸው አልሰፋም፣ አልጠበበም። ልክ ነው።»

ከጆንያው አጠገብ የእጅ ጋሪ ወድቋል። ጎማው ፈንድቷል።

«መጀመሪያ ብቻዬን አነሳው ነበር» አለ አማቼ፣ ዓይኔን ተከትሎ። «ኋላ በጋሪ ሆነ። ኋላ ጎማው አልቻለም። አሁን እዚሁ ያድራል።»

«አፈር እየጨመርክበት ነዋ።»

«ከሰፋሁት ወዲህ አልፈታሁትም።»

ዞር ብሎ ወደ ጆንያው በሹክሹክታ፣ «አይደል አንተ?» አለ።

ክረምቱን ሙሉ ከእኔ ላይ የጎደለው ሥጋ የት ሄደ? ሐኪሙን አልጠየቅሁትም ነበር። እዚያ ቆሜ ነው መጀመሪያ ያሰብኩት።

ጎንበስ ብዬ ጆንያውን በካፖርቱ ስር ነካሁት። ጀርባው ፀሐይ ላይ ነው፤ ቢሞቅ የአባት ነው። ሆዱ ግን ጥላ ውስጥ ነበር።

ሆዱ ይሞቃል።

ካፖርቱን ገለጥ አደረግሁ። ጆንያው ላይ አምስት ትናንሽ ስፌቶች አሉ። እምብርት ዙሪያ በሚሆንበት ቦታ።

የእኔም ጠባሳ አምስት ነው።

«አይጥ ቀዶት ነው» አለ አማቼ። ሳልጠይቀው።

ካፖርቱን መለስኩ።

«ቦታዬን ልቀቅልኝ» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ።

«እርስዎን አሁን ንፋስ ይወስድዎታል። እኔ ስወድቅ ተከትለውኝ ነው የሚገቡት።» አሰብ አደረገ። «ታች ግን ሥራ አለ። ለታች አሁን ይመጥናሉ።»

«ማን ይይዘኛል?»

በአገጩ ወደ ጆንያው አመለከተኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን እምቢ ብዬ ወዴት ልመለስ? ሚስቴ በሩን ገፋ አድርጋ ወደምትበላበት ቤት? ቦታ ያለኝ እዚህ ብቻ ነው። ታችም ቢሆን ከሥራው አልወጣም አልኩ።

ገመዱን ደረቴ ላይ አሰርኩ። ወረድኩ።

...

ጉድጓዱ ውስጥ ጎኔን አዙሬ ነው የገባሁት። እንደ ልማዴ። ጀርባዬ ግን ምንም አልነካም። ዙሪያዬን ሁሉ ባዶ ነው።

ታች ቀዝቃዛ ነው። ሰማዩ የሳህን ያህል ይታያል። ዶማውን አነሳሁ። ጥቂት ቆፍሬ ደከመኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ስተነፍስ ከላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ።

ሚስቴ ነች። አረማመዷን አውቃለሁ።

ሳህን ሲቀመጥ ተንቀጫቀጨ።

«ብላ እንጂ፣ ጉቶዬ።»

ከክረምቱ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ እንዲያ ብላኝ አታውቅም። ልመልስላት አፌን ከፈትኩ...

ለእኔ አልነበረም።

የማላመጥ ድምፅ መጣ። ዝግ ያለ። በየመሃሉ በአፍንጫው ይተነፍሳል። የጠገበ ሳይሆን የተመቸው ሰው አበላል።

ቀጥሎ ሳቅ ሰማሁ።

የአማቼ አይደለም። ከሆድ የሚነሳ፣ መጨረሻው ሳል የሚሆን ሳቅ ነው። እኔ ነበርኩ እንዲያ የምስቀው። ካሳነሱኝ ወዲህ ጠፍቶኛል።

«አንቺ!» ብዬ ጮኽኩ።

ማላመጡ ቆመ።

ከዚያ ሹክሹክታ።

«ሰማን መሰለኝ።» የሚስቴ ነው።

«ይስማ።» የወንድሟ።

«ያሳዝናል እኮ...»

«ይሄኛውን አንቺ ነሽ የመረጥሽው።»

ግድግዳውን ያዝኩ። ግድግዳው በእጄ ላይ ላላ።

መጀመሪያ ጠጠር ነበር። ከዚያ እፍኝ አፈር። ከዚያ ጎኑ በሙሉ ተናደ። እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። እስከ ወገቤ። አልጮኽኩም፣ አፌ አፈር ነበር። ገመዱን ሁለቴ ሳብኩ። ሁለቴ መሳብ «አውጣኝ» ማለት ነው። ስንጀምር የተስማማንበት ምልክት ነው።

ገመዱ ላላ እንዳለ ቀረ።

በቃ፣ አልኩ። ሸጡኝ።

ደግሜ ሁለቴ ሳብኩ።

ገመዱ... ቀስ ብሎ ተወጠረ።

አማቼ ሲጎትት በክንዱ ነው። ይነጥቃል፣ ያርፋል፣ ይነጥቃል። ይህ አልነጠቀም። ወደ ኋላ ጋደል... ትንፋሽ። ወደ ኋላ ጋደል... ትንፋሽ። አፈሩ እግሬን እየለቀቀ መጣ። ደረቴ በገመዱ ተቆረጠ። እኔ ግን ሕመሙን ረስቼ ያንን አጎታተት አዳምጥ ነበር።

አውቀዋለሁ። ሰውን ላለመጉዳት፣ ከወገብ፣ በክብደት ብቻ የሚሳብ አሳሳብ ነው። ለማንም አላስተማርኩትም።

የጉድጓዱን አፍ በክርኔ ያዝኩ። ተንፏቅቄ ወጣሁ። ከኋላዬ ታች ያለው ሁሉ ድም ብሎ ተደፈነ።

ቀና ስል አማቼ አጠገቤ የለም። ራቅ ብሎ፣ የአፈሩ ቁልል ጥላ ውስጥ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ትንሿን ሳህን ይዞ ተቀምጧል።

ወደ እሱ ዳኽኩ።

«ማን... ማን ጎተተኝ?»

ዞሮ አየኝ። ፊቱ ላይ ደስታም ድንጋጤም የለም።

«ያኔ ያበደርከኝ» አለ። አንተ አለኝ፣ ከክረምቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ነፍስ በነፍስ። ተመለሰልህ።»

እጁን አየሁ። መዳፉ ደረቅ ነው። ገመድ አልነካም።

«አንተ አልጎተትከኝም።»

«በእኔ ስም ተከፈለ። ዕዳ የለብኝም።» ሳህኑን ጠረገ። «ከእንግዲህ አንፈላለግም። በሰላም ግባ።»

ወደ ቦታዬ ዞርኩ።

ጆንያው እንደነበረ ተቀምጧል። እግር ከሚተከልባቸው ድንጋዮች ፊት ግን መሬቱ አዲስ ተፍቋል። ሰው እግሩን ተክሎ የገፋበት ይመስላል። ትልቁ ሳህን ባዶውን ነው።

ሚስቴ አጠገቡ ተንበርክካለች። ስሟን ጠራሁ። አላየችኝም።

መሐረብ ይዛለች። ከካፖርቱ ኮሌታ በላይ፣ ምንም በሌለበት፣ አየሩን ቀስ አድርጋ ትጠርጋለች። የደከመ ሰው ግንባር እንደሚጠረግ።

ከዚያ መሐረቡን ጨመቀችው።

ላቡ ጠብ፣ ጠብ አለ።