ነጻው ሰርቨር ስንት ያስወጣል?

«ዜሮ ብለሽ ጻፊ፣ አለቀ!» አለች ግድግዳ፣ ኳሷን በጉልበቶቿ መሀል አጣብቃ።

ግድግዳ የሚል ቅጽል ስም የወጣላት የትምህርት ቤቱ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በረኛ ስለሆነች ነው። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ጓደኛዋ ደግሞ ለምንዬ ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ወንድሟ ነው፤ ከቁርስ እስከ እራት «ለምን?» ስትለው መርሮት።

የኮምፒውተር መምህሯ አንድ ሥራ ሰጥተዋታል። ተማሪዎች በስልካቸው ውጤት ሲጠይቁ ተቀብሎ መልሱን የሚልከው ፕሮግራም፣ አፕሊኬሽን ሰርቨር የሚባለው፣ አርጅቶ ውጤት በወጣ ቁጥር ይሰናከላል። ወይ በየዓመቱ የሚከፈልበት የኩባንያ ሶፍትዌር ይገዛል፣ ወይ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው፣ ማንም አውርዶ የሚጠቀምበት ይጫናል። የሁለቱን ዋጋ አነጻጽራ ሰኞ ማቅረብ አለባት። የኩባንያው ከተገዛ ገንዘቡ የሚወሰደው ከስፖርት በጀት ነው፤ ግድግዳ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው የጎል መረብ ቀረ ማለት ነው።

«የኩባንያውን ጉድ አየሽ?» አለች ለምንዬ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ተማሪ ሲጨምር ዋጋውም ይጨምራል። ግን ሲበላሽ ብትደውዪ የሚያነሳ ሰው አለ። ነጻው ሲበላሽስ ማን ጋ ይደወላል?»

«አንቺ ጋ ነዋ! ደሞ ነገ ከግጥሚያዬ እንዳትቀሪ።»

«ሞቼ ካልሆነ አልቀርም!»

ቅዳሜ ጠዋት ነጻውን ሰርቨር ለሙከራ በአንድ አሮጌ የላብራቶሪ ኮምፒውተር ላይ ጫነችው። ሠራ። ከዚያ የማወቅ ጉጉቷ አላስቀምጥ አላት። ሁሉም ተማሪ በአንዴ ውጤቱን ቢጠይቅስ? ሞከረችው። ቀጥ አለ።

መመሪያውን አገላበጠች፤ ችግሩን ጽፋ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈች። አንድ የማታውቀው ሰው «ሜሞሪ አንሶት ይሆናል» ብሎ መለሰላት፤ ሌላው ደግሞ «ኧረ እሱ አይደለም» አለ። አንዱን ስታስተካክል ሌላው እየተነሳ ምሳዋንም ረሳች። ደስ ብሏት ነበር፣ እውነቱ ይሄ ነው። በመጨረሻ ሰርቨሩ ለሁሉም መልስ ሲሰጥ ብቻዋን እልል ልትል ምንም አልቀራት።

በሩ ተበረገደ። ግድግዳ ጭቃ በጭቃ ሆና ቆማለች።

«ፔናሊቲ አዳንኩ» አለች። «ዞር ስል የለሽም።»

ለምንዬ ክው አለች።

«ይቅርታ... ይሄ ነገር ወስዶኝ...»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ» አለች ለምንዬ፣ ለራሷም ገና አሁን እየገባት።

ወደ ዋጋ ማነጻጸሪያው ሠንጠረዥ ተመለሰች። ግድግዳ ያስጻፈቻት ዜሮ በነጻው ሰርቨር ስር እንደተጻፈች አለች። አጠፋቻትና በቦታዋ «በተበላሸ ቁጥር፣ የአንድ ሰው ቅዳሜ» ብላ ጻፈች።

ግድግዳ ከኋላዋ ሆና አነበበችው። «እሱ ብር ነው እንዴ?»

«ብር አይደለም። ግን ቲቸር የጠየቁኝ ዋጋውን ነው።»

«ስለዚህ መረቡ ቀረ?»

«አላውቅም። ምናልባት እንዲህም ሆኖ ነጻው ይረክስ ይሆናል። ዜሮ ግን አይደለም።»

ግድግዳ ኳሷን አንዴ አነጠረችና መልሳ ያዘቻት። ለምንዬ የጻፈችውን ሴቭ አድርጋ ኮምፒውተሩን አጠፋች።

«ነይ» አለች ጃኬቷን እያነሳች፣ «እንዴት እንዳዳንሽው አሳዪኝ። መቺዋ እኔ ነኝ።»