በሁለተኛው ካሜራ ወንበሩ ባዶ አልነበረም

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ጥርሴን ገልጬ የምስቅ ሴት ነኝ፣ ጎጆ ከተማ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ መንፈስ አየሁ ያለኝን ሁሉ ሂድና ተኛበት እያልኩ የምሸኝ ነበርኩ፣ ይኸው ዛሬ ራሴ እያወራሁ የልጅ ልጄን አስጽፋለሁ፣ እመኑኝ አንዲት አልጨመርኩበትም።

ልጄን ጫልቱን ስንድር አባቷ አልመርቅም አለ። ሙሽራው ጴንጤ ነው፣ ሰርጉ ላይ አልቆምም አለ፣ ሽማግሌ ቢላክ እንቢ፣ ቢለመን እንቢ፣ እኔም ምን ላርግ፣ አምቦ ወንድሜ ቤት ወስጄ ዳርኳት። ወንድሜ የአባት ቦታ ሰው አይቀመጥበትም ብሎ ወንበሩን ባዶ አስቀመጠው፣ ልጅቷ እሱን እያየች አለቀሰች። ስታረግዝ ደግሞ ባሰባት፣ አባቴ ሳይመርቀኝ ይሄ ልጅ እንዴት ይበረክትልኛል እያለች እህል አልቀምስ አለች።

የሰርጉ ቪዲዮ ገና አልወጣም ነበር። ዘመድ ተቆርጦ ወጣ ማለት ቂም ነው፣ ሰርግ በልቶ የሄደ ሰው ራሱን ካላየ ዓመት ሙሉ አያናግርህም፣ ስለዚህ እኔው አምቦ ቪዲዮ ቤት ሄጄ ኤዲት ከሚያደርገው ከቶሎሳ አጠገብ ተቀመጥኩ። የተነሳው በሁለት ካሜራ ነው፣ ቶሎሳ ኮምፒውተሩ ላይ የሁለቱን ስዕል ጎን ለጎን ያደርገዋል፣ ድምፁ ከስር እንደ ገብስ ማሳ ትልም ተዘርግቶ ይታያል፣ ጭብጨባው ሁለቱም ላይ እስኪገጥም ይገፋዋል፣ ከዚያ አንዷን ደቂቃ ከሁለት በኩል ያሳይሃል።

ሽማግሎቹ ሲመርቁ ላይ ስንደርስ ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው ሰማሁ። ጠርጎ ጠርጎ መጨረሻውን የሚውጠው የጫልቱ አባት ብቻ ነው፣ እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል። መልሰው አልኩት፣ መለሰው። ቀጥሎ እርጥብ ሳር የያዘ እጅ ከዳር ገባ፣ አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም፣ የባሌንም ጥፍር ማጭድ ወስዶታል። ቶሎሳ አስቆመው። ባንደኛው ካሜራ ወንበሩ ባዶ ነው፣ በሁለተኛው የጫልቱ አባት ተቀምጦበታል፣ ያው ደቂቃ፣ ያው ጭብጨባ፣ የወንድሜ ሚስት በሁለቱም ውሃ ይዛ ታልፋለች። «ሆሪ፣ ቡሊ፣ ኢንተለ ኮ» እያለ፣ ልጄ ርቢ፣ ኑሪ ብሎ ይመርቃታል።

ጫልቱ አልቅሳበት ቶሎሳ ከሌላ ቦታ ቆርጦ የለጠፈው መሰለኝ።

«አንተ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ማን ለምኖህ ነው?» አልኩት።

«አዴ፣ እኔ ያለውን እቆርጣለሁ እንጂ የሌለ ሰው ከየት አመጣለሁ?»

ማውዙን ያዘ። ሰውየውን ሊያወጣው ሞከረ፣ ስዕሉ ወጣ፣ ድምፁ ቀረ፣ ድምፁንም አጠፋው፣ ትልሙ ልሙጥ ሆነ፣ ምርቃቱ ግን ይሰማል፣ በመጨረሻ የስፒከሩን ገመድ ነቀለው። እንዳለ ሲዲ ላይ አድርጎ ሰጠኝና ሁለተኛ ይዘውብኝ እንዳይመጡ አለኝ።

ያኔ ባሌን ጠረጠርኩ፣ ተደብቆ መጥቶ ነው አልኩ። አገሬ ጎጆ ተመልሼ ጎረቤት ብጠይቅ፣ የሰርጉ ቀን አብሮን ድንች ሲቆፍር ዋለ፣ ምሳም አብረን በላን አሉኝ፣ አንድ ሰው ቢሆን ዋሸ እላለሁ፣ ሁሉም እንደዚያው። ሲዲውን ከፍቼ አሳየሁት፣ ዓይኑን ሳይነቅል አየው።

«አንተ ነህ?» አልኩት።

«እኔ ከዚህ አገር አልወጣሁም» አለ፣ ምሎም ነገረኝ፣ እሱ ደግሞ በሐሰት አይምልም።

እንግዲያው ጫልቱን ይዣት መጥቻለሁ፣ ሆዷ ገፍቶ ደጅ ቆማለች፣ አሁን በአፍህ መርቃትና ይለይለት አልኩት። ተነስቶ በር ድረስ ሄደ፣ አያት፣ እጁን አነሳ፣ መልሶ አወረደው።

«አንዴ መርቄያታለሁ፣ በሱ ላይ አልደግምም» አለ።

ጫልቱ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ጠርጋ ገባች፣ ያን ቀን ደህና አድርጋ በላች። እኔ ግን፣ አንዱን ባሌን ጎረቤት ድንች ማሳ ላይ አይቶታል፣ ሌላውን እኔ ወንበር ላይ አይቼዋለሁ፣ እስከ ዛሬ ምሳ ሳቀርብ ቀና ብዬ ፊቱን አያለሁ፣ ለየትኛው እንደማቀርብ አላውቅም።