የእማ ረቢአ በር

«ኧረ ጠበቅ አድርገሽ ርገጪው! እንቁላል ላይ የቆምሽ መሰለሽ እንዴ?» አለ ቶፊቅ፣ ግድግዳ እየመረገ።

ፈይሩዝ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ናት። ቀሚሷን ሰብስባ ሱሪዋ ላይ ሸብ አድርጋዋለች። የጓደኛዋን የዓዲላን ክንድ ይዛ፣ አፈሩና የጤፍ ጭዱ እስኪዋሃዱ ትረግጣለች።

«አንተ ምርጊትህን መርግ። ጭቃው የኛ ነው» አለችው።

«ግድግዳሽ ቢሰነጠቅ በኔ እንዳታሳብቢ።»

«ግድግዳዬ? ቤቱ የእማ ረቢአ አይደል!»

«በሩን የመረጥሽው አንቺ ነሻ!»

ልጆቹ ሳቁ። ፈይሩዝም ሳቀች። ለምን አትስቅ? አሸናፊ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ጨፋ ሜዳ ላይ ሲወጣ የእማ ረቢአን ቤት ይዞት ሄደ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድ ልጇም ባቲ ነው ያገባችው። ውኃው ከጎደለ ጀምሮ ከጎረቤቷ ከእማ ሀዲጃ ጋር ነው ያለችው። ኡስታዝ ሙህዲን ይሄንን ከሚሴ መስጊድ ውስጥ ከጁምዓ በኋላ ተናገረ። ያለው ቆርቆሮና ሚስማር አዋጣ። ጉልበት ያላቸው ተማሪዎች ደግሞ የግማሽ ዓመቱን እረፍት ሰጡና በአይሱዙ ተጭነው መጡ። ሲነሱ ኡስታዙ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያላቸው፦ «ኒያችሁን አስተካክሉ። ለማን ብላችሁ እንደምትሠሩ ልባችሁን ጠይቁት።» ሁሉም «ለአላህ!» ብለው ጮኹ። ፈይሩዝ ከሁሉም በላይ ነበር የጮኸችው።

የበሩ ክርክር የተነሳው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ቶፊቅ የአናጢ ልጅ ነው፤ መጋዝ ሲይዝ ያምርበታል። «የድሮው በር በጓሮ በኩል ነበር። የደጁ ድንጋይ እንኳ ይኸው አለ። እዚያው ይሁን» አለ።

ፈይሩዝ ጣልቃ ገባች። «ምን ዓይነት ፋራ ነህ? ጀርባውን ለመንገድ የሰጠ ቤት ከሚሴ አይተህ ታውቃለህ? እንግዳ ሲመጣ በግድግዳ ሊገባ ነው? ደግሞ ስንት ለፍተንበት፣ መንገደኛው ሲያልፍ ‹ማሻአላህ› ይበል እንጂ!»

«አንቺ ደግሞ ስታካብጂ!»

ኡስታዙ ወደ እማ ረቢአ ዞረ። «እማ፣ በሩ በየት በኩል ይሁንልዎት?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ! አላህ ያሳመረው ነው» አለች እማ ረቢአ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ከዚያ በላይ የጠየቃት የለም። እጅ አወጡ፤ የፈይሩዝ ወገን በለጠ። በሩ ወደ መንገድ ሆነ።

ይሄው ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጣሪያው ከለበሰ ሰንብቷል፣ ምርጊቱም ወደ ማለቁ ነው። እሁድ ጧት አይሱዙው መጥቶ መጀመሪያ ሰንበቴ ገበያ ይወስዳቸዋል፤ ከዚያ ወደ ቤት። ዓዲላ የምታወራው ሰንበቴን ብቻ ነው። ግመሎቹን፣ አፋሮቹን፣ የምትገዛውን ሻሽ ሳይቀር።

ከዙህር በኋላ የዶማው እጀታ ተሰበረ። ኡስታዙ ፈይሩዝን እማ ሀዲጃ ዘንድ ሌላ እንድትዋስ ላካት።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ! ነይ ግቢ፣ ልጄ» አለቻት እማ ሀዲጃ። «ዶማው ከውስጥ ነው። እስካወጣው ይችን ጠጪ።» በጣሳ እርጎ ሰጠቻት።

ፈይሩዝ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ጠጣች። ጣሳውን ከአፏ ስታወርድ ፊት ለፊቷ ግድግዳ አለ። እነሱ የመረጉት ግድግዳ። በር የለው፣ መስኮት የለው። ከሥሩ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል፣ መሀሉ በእግር ብዛት የጎደጎደ።

እማ ሀዲጃ ዶማውን ይዛ ወጣች፤ በሌላ እጇ ምርኩዟ አለ። ልጅቷ ወዴት እንደምታይ አየች።

«የረቢአ የደጅ ድንጋይ ነው» አለች። «እኔና እሷ እዚህ የመጣነው ሙሽሮች ሆነን ነው። የኔ በር ወደሷ፣ የሷ በር ወደኔ። ለሱብሒ ስነሳ መጀመሪያ የማየው በሯን ነበር። ከተከፈተ ደህና አድራለች። ካልተከፈተ ይችን ምርኩዜን ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ወባ ጥሏት በሩ ሳይከፈት ረፈደ። ሄጄ ባላገኛት፣ ወላሂ ዛሬ ቤት የሚሠራላት ረቢአ አትኖርም ነበር።»

«አሁንስ፣ እማ?»

«አሁንማ ግድግዳ አያለኋ!» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙም አልቆየ። «ሰዉ ደግሞ ተጣልተዋል ይለናል። እዚህ አገር በር የሚዞረው ጎረቤት ሲጣላ ነው። ትናንት አንዷ መጥታ ‹ምን ሆናችሁ ነው ጀርባ የተሰጣጣችሁት?› አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ረቢአ እሺ አትልማ! ‹ለአላህ ብለው የመጡ ልጆች፣ እጃቸው ተልጦ፣ ደግሞ በሩን አዙሩልኝ ልበል? ነውር አይደል!› አለች። አንቺም ዝም በይ፣ እሺ? ቤቱ ቤት ነው። አልሃምዱሊላህ።»

ፈይሩዝ እሺም እምቢም አላለች። ዶማውን ይዛ ተመለሰች።

እማ ረቢአ ጥላው ሥር ተቀምጣ የተረፈውን ልጥ ታጥፋለች። «አላህ ይቀበላችሁ፣ ልጆቼ» ትላለች፣ ሰው በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር። ፈይሩዝ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

ዞር ብላ የጀርባውን ግድግዳ አየችው። ለስልሷል፤ ዓዲላ በጣቷ አበባ ስላበታለች። ይሄ ሊፈርስ ነው? እሁድ ሙሉ ይሄዳል። ሰንበቴም ቀረ ማለት ነው። ዓዲላ ትጣላታለች። ቶፊቅ ደግሞ! ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ሙድ ይይዝባታል። «እንግዳው በግድግዳ ገባ ወይ?» ሲላት ይሰማታል፣ ከአሁኑ። ዝም ብትልስ? ነገ በዚህ ሰዓት ሁሉም ቤታቸው ናቸው። ማን ያውቃል?

የአስር ሶላት ደረሰ። ሸራ ዘርግተው፣ ተሰልፈው ሰገዱ። ፈይሩዝ ግንባሯን መሬት ስታስነካ የጭቃው ሽታ አፍንጫዋ ገባ፤ ትዝ ያላትም የራሷ ድምፅ ነው። «መንገደኛው ሲያልፍ ማሻአላህ ይበል እንጂ!» አይሱዙው ላይ «ለአላህ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ደግሞ ከዚያው ተከትሎ መጣ።

ሶላቱን በሰላምታ ሲጨርሱ ሌሎቹ ተነሱ። እሷ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ቶፊቅ ሄደች።

«ቶፊቅ፣ በሩ... አንተ ያልከው ነበር ትክክል።»

«ምን? አልሰማሁሽም፣ ድገሚው እስቲ!» እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «ሰዎች፣ ኑ ስሙ!»

ሰዎቹ መጡ። ፈይሩዝ ፊቷ ጋለ፣ ግን አላቆመችም። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ምርኩዙ፣ ስለ ወባው፣ ተጣሉ ስለመባላቸው ነገረቻቸው። ስትጨርስ ቶፊቅ እጁን ከጆሮው ላይ አውርዶታል። ሄዶ ድንጋዩን አየ፤ በእግሩም ለካው።

«ሁለት ቋሚና ማገሩን ብቻ ነው የምንቆርጠው» አለ፣ ሳይቀልድ። «የመንገዱን በር መቃን ሳልሰብር አወጣዋለሁ።»

«ሰንበቴስ?» አለች ዓዲላ።

ዓዲላ የሣለችውን አበባ አየች፤ ፈይሩዝን አየቻት፤ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ቀሚሷን ሰበሰበችና ጭቃው ውስጥ ገባች።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አለቻት። «ሻሹን አንቺ ነሽ የምትገዢልኝ። ነይ ርገጪ!»

የመጀመሪያው ዶማ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ እማ ረቢአ ልጡን ጥላ መጣች። «ኧረ በአላህ! ኧረ ተው! ምን ሆናችሁ? ሀዲጃ! አንቺ ሀዲጃ፣ ተናገርሽ አይደል?»

«እኔ ምን አልኩ? እርጎ ነው የሰጠኋት!» አለች እማ ሀዲጃ ከደጇ ሆና።

ፈይሩዝ የእማ ረቢአን እጅ ያዘች። የሁለቱም እጅ ጭቃ ሆነ።

«አፉ ይበሉኝ፣ እማ» አለቻት። «በሩን ለርስዎ አልነበረም የሠራሁት። ለመንገደኛ ነው።»

እማ ረቢአ ጭቃ በጭቃ በሆነው እጇ የልጅቷን ጉንጭ ዳበሰችና ውኃ ልትቀዳላቸው ሄደች።

ኡስታዙ ሾፌሩ ዘንድ ደውሎ ሰኞ ጧት ና አለው። እሁድን እንዴት እንዳሳለፉት አትጠይቁ። ቶፊቅ መንዙማ ያወጣል፤ ሌላው እየተቀበለ ይረግጣል፣ ያቀብላል፣ ይመርጋል። ኡስታዙ ሚስማር ሲመታ ጣቱን ቀጥቅጦ «ያ ረቢ!» ሲል ሁሉም ሳቁበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ። የመንገዱ በር በአዲስ ጭቃ ተደፈነ። አሮጌው ድንጋይ ቦታው ላይ ነበር፤ በሩ መጥቶ አገኘው።

እማ ረቢአ እሁድ ማታ አዲሱ ቤቷ ገብታ አደረች። ሰኞ ከሱብሒ በኋላ፣ ሰማዩ ገና ሲገላለጥ፣ ፈይሩዝ ዶማውን ልትመልስ ሄደች። እማ ሀዲጃ ደጇ ላይ ቆማለች፣ ምርኩዟን ጨብጣ። ፈይሩዝን አላየቻትም። ወደ ማዶ ነው የምታየው።

በሩ ሲጥ አለ። እማ ረቢአ የላሟን ገመድ ይዛ ወጣች፤ ድንጋዩን ረገጠች፤ ወደ በረቱ ሄደች። ቀና ብላም አላየች። ሰላምም አልተባባሉ።

እማ ሀዲጃ ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ ውስጥ ገባች።

ፈይሩዝ ዶማውን ከምርኩዙ አጠገብ በቀስታ አስቀምጣ ተመለሰች።

አይሱዙው መጣ። ሾፌሩ ጎማውን እየረገጠ ቤቱን አየና በሳቅ ፈረሰ። «አይ የናንተ ነገር! በሩ የታለ? ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ የሠራው ማን ነው እሱ?»

ቶፊቅ ፈይሩዝን አያት። ዓዲላም አየቻት። ለማስረዳት አፏን ከፈተች፤ ታሪኩ ምላሷ ላይ ነበር፣ ቢነገር ደግሞ ያምራል። ተወችው።

«እኛ ነና» አለች፤ አይሱዙው ላይ ዘላ ወጣችና ለዓዲላ ቦታ ለቀቀችላት።