ብረቱ ሞልቷል

አስጎብኚዋ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን የዛገ መልህቅ አሳየች።

«ይህን ያህል እንዲከብድ ተደርጎ የተሠራው ለምን ይመስላችኋል?»

«እንዳይሰርቁት ነዋ!» አለ አንድ ሽማግሌ ጎብኚ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ከጎብኚዎቹ አንዷ፣ ወንፊት፣ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«መርከቡ ስለሚከብድ ይሆናል» አለች።

«አይደለም እመቤቴ። መርከቡ አይደለም የሚከብደው። ነፋሱ ነው» አለች አስጎብኚዋ።

የተስማሙበት የሚስጥር ምልክት ቃል በቃል ይኸው ነበር። ወንፊት ዓይኗን ከመልህቁ ሳትነቅል ጠጋ አለች። አስጎብኚዋ ለጎብኚ ሁሉ የሚታደለውን የሙዚየም ካርታ ሰጠቻት። በእጥፋቱ ውስጥ የፎቶ ፊልም መኖር ነበረበት።

አልነበረም።

«አቃጠልኩት» አለች አስጎብኚዋ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «ትናንት ክፍሌን በረበሩት። የቀረው እኔ ያየሁት ብቻ ነው። እኔን ውሰዱኝ።»

ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ ሰዉ ዞረች። «በዚህ በኩል! ግድግዳውን አትደገፉ፤ ኖራው ልብሳችሁን ያበላሸዋል።»

ወንፊት ካርታውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ደሴቶቹ ከየብስ ርቀው፣ ማንም ዞር ብሎ በማያያቸው ባሕር መካከል የተበተኑ ናቸው። የጎብኚ ጀልባ በመጀመሪያ የመብራት ማማውን፣ ቀጥሎ በጥንቱ እስር ቤት ውስጥ የተከፈተውን ሙዚየም ያሳያል። የእስር ቤቱ ግማሽ «ለእድሳት» ተብሎ በግድግዳ ተዘግቷል። እድሳት ግን የለም። ከግድግዳው ጀርባ ዛሬም ሰው ይታሰራል። ዘመዶቻቸው ሞተዋል ተብለው ለቅሶ የተቀመጡላቸው ሰዎች ናቸው። አስጎብኚዋ ጠዋት ጠዋት ምግብ ታደርስላቸው ነበር። ፊታቸውን ያየ፣ ስማቸውን የጠየቀ ከእሷ በቀር ማንም የለም። እሷ ከጠፋች እነሱም እንደሞቱ ይቀራሉ።

ይህን የስለላ ሥራ የሚመሩት ሽማግሌ፣ ጋሼ፣ የሚስጥር ስም ሲያወጡ ከወጥ ቤት አይወጡም። አስጎብኚዋ «ማሰሮ» ናት። የወንፊት ባል መስሎ የመጣው ግዙፉ ሰውዬ ደግሞ «ሙቀጫ»።

«ሰላይን ወንፊት ብሎ የሚሰይም ሰው ምን ሚስጥር ይጠብቃል?» እያለ ሙቀጫ መንገዱን ሙሉ ሲቀልድ ነበር።

ባልነቱ የውሸት ነው። ጣቷ ላይ ያለው ቀለበት ግን የእውነት ነው። ያጠለቀላት እውነተኛ ባሏ በዚሁ ሥራ ላይ ሄዶ አልተመለሰም። ጋሼ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ሣጥን ይዘው መጡና «ባይከፈት ይሻላል ልጄ» አሏት። አልከፈተችውም። ስለዚህ ነገር ከማንም ጋር አታወራም።

ሙቀጫ ክንዷን ያዝ አደረገ፤ ሚስቱን እንደሚደግፍ ባል።

«ምን አለችሽ?»

«ፊልሙ የለም። ራሷን እናውጣት ትላለች።»

አላመነታም። «በኋላ በኩል ወደ ባሕሩ የሚወርድ ደረጃ አለ። ትንሽ ጀልባ አዘጋጅቻለሁ። የጎብኚው ጀልባ ከሄደ በኋላ ሁለታችሁንም በዚያ አወጣለሁ።»

«መቼ አዘጋጀህ?»

«ባል አይደለሁ እንዴ? ባል ያስባል።»

«ብረታችንስ?»

«እሱን ለኔ ተይው።»

ብረቱ እንዲህ የሚተው ነገር አልነበረም። ጎብኚ ከጀልባ ሲወርድ ነጂው ቁጥር የተቀረጸበት የነሐስ ብረት በመርፌ ቁልፍ ደረቱ ላይ ያያይዝለታል። ጎብኚው ሲመለስ ራሱ ፈቶ ሰሌዳው ላይ ይሰቅላል። በአንድ የማዕበል ቀን ጎብኚ ረስተው ሄደው ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው ሳይሞላ፣ ከኮረብታው ላይም የሙዚየሙ ደወል ሳይሰማ ጀልባ አይንቀሳቀስም። ደወሉ «ግቢው ባዶ ነው፣ እኔም ቦታዬ ላይ ነኝ» የሚል የአስጎብኚዋ ቃል ነው።

ወንፊት ጠዋት ከመብራት ማማው ሲመለሱ አንድ ነገር አስተውላለች። ነጂው የሚቆጥረው ብረት ነው። ቀና ብሎ የሰው ፊት አያይም።

የእስር ቤቱ ኮሪደር መግቢያ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው የድንጋይ መቃን ዝቅ ያለ ነው፤ እስረኛ ሁሉ አጎንብሶ እንዲገባ ተብሎ የተሠራ። አስጎብኚዋ ይህን አስቀድማ አትናገርም። ሁለት ሦስት ሰው ግንባሩን ከመታ በኋላ ነው ታሪኩን የምታወራው። ጎብኚ ይወድላታል።

ሙቀጫ ፊት ፊት ሄደ። መጋረጃውን ገለጠ።

ጎንበስ ብሎ ገባ።

ማንም ሳይነግረው።

«ወይኔ ግንባሬን!» አለ ሽማግሌው ጎብኚ ከኋላው። ሰዉ ሳቀ። ወንፊትንም መቃኑ ግንባሯን መታት። ሕመሙ ግን አልተሰማትም።

ሙቀጫ በጋሼ ፊት «ደሴቱን ካርታ ላይ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም» ብሎ ነበር። ካርታ የበር ቁመት አይናገርም። ይህ ሰው እዚህ ቤት ገብቶ ያውቃል። አንገቱ እስኪለምደው ድረስ ገብቷል።

የኋላው ደረጃ ማምለጫ አይደለም። ማስረከቢያ ነው።

አስጎብኚዋ ለትርኢት በተተወው ክፍል ደጃፍ ቆመች። «ይህ በር ሲዘጋ የሚጮህ ሰው ድምፅ ኮሪደሩ ጫፍ አይደርስም። ጆሮውን እዚህች የምግብ ቀዳዳ ላይ ካላስጠጋ በቀር የሚሰማው የለም።»

«ለሚስቴ የሚሆን ክፍል!» አለ ሽማግሌው።

ሚስቱ በቦርሳዋ ወገቡን አለችው። «ላንተ ነው እንጂ! ስታንኮራፋ ጎረቤት ይተኛል።»

ጉብኝቱ አበቃ። ጎብኚዎቹ ባሕሩን ለማየት ወደ አደባባዩ ወጡ፤ ሙቀጫም ሲጋራ ሊያጨስ አብሯቸው ወጣ። ወንፊት አስጎብኚዋን ወደ ዕቃ ክፍሉ ሳበቻት።

«የትርኢቱን ክፍል ቁልፍ ስጪኝ። ካፖርትሽንም።»

«ከባልሽ ጋር ነው የምወጣው?»

«ባሌ አይደለም። ወዳጃችንም አይደለም።»

የአስጎብኚዋ ፊት አመድ መሰለ። ቢሆንም አልተከራከረችም። ሰማያዊ ካፖርቷን አወለቀች። ወንፊት የራሷን ሻሽ አሰረችላት፣ የራሷንም ብረት ደረቷ ላይ አያያዘችላት።

«ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ።»

ሙቀጫን ኮሪደሩ በር ላይ አገኘችው። ፊቷን የተሸበረች አስመሰለች። ብዙ ማስመሰል አላስፈለጋትም።

«ክፍሉ ውስጥ ገብታ አልወጣም አለች። እያለቀሰች ነው። አንተ አውጣት።»

«ሴት!» አለ ሙቀጫ እየሳቀ።

«ኮትህን ስጠኝ። ሰማያዊ ካፖርቷን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያንተን ደርበንላት ትውጣ።»

አውልቆ ሰጣት። ብረቱ ደረቱ ላይ እንደተያያዘ። የክፍሉ በር ዘንድ ሲደርስ አሁንም ጎንበስ ብሎ ገባ።

ወንፊት ከኋላው በሩን በትከሻዋ ገፋችው።

ቁልፉ ዞረ።

ሁለተኛውን ብረት ከሙቀጫ ኮት ፈትታ ለአስጎብኚዋ ሰጠቻት።

«ሁለቱንም ስቀዪ። ነጂው ስለ ባልሽ ከጠየቀሽ፣ ባሕሩ አልተስማማውም፣ ታች ተኝቷል በይ። ወደቡ ላይ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ይቀበሉሻል።»

«አንቺስ?»

«ደወሉን የሚደውል ሰው ያስፈልጋል።»

አስጎብኚዋ አፏን ከፈተች።

«ሂጂ!»

ሄደች።

ወንፊት ሰማያዊውን ካፖርት ለበሰች። የደወሉ ገመድ ያለው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ በክፍሉ በር ማለፍ ነበረባት።

«ወንፊት!» ድምፁ በምግብ ቀዳዳው ወጣ። «ጨዋታው አላማረም። ክፈቺ።»

መራመዷን ቀጠለች።

«እሺ፣ ገብቶሻል። እንግዲያው እንነጋገር። ባልሽ በሕይወት አለ።»

እግሯ ቆመ።

«ሣጥኑን አልከፈትሽውም አይደል? አትከፍትም ብያቸው ነበር። ጨዋ ሴት ናት አልኩ። እዚህ ግድግዳው ጀርባ ነው ያለው። በሩን ክፈቺ፣ እጁን ይዤ አመጣልሻለሁ።»

«ውሸታም ነህ።»

«ግራ እግሩን ይጎትታል። ሲሄድ ከሩቅ ይሰማል።»

ባሏ ከቤት ሲወጣ እግሩን አይጎትትም ነበር። ደረጃውን እየዘለለ ነበር የወረደው።

ይህ ሰው ባሏን ያየው ከዚያ በኋላ ነው።

«ደወሉን ከነካሽ ጀልባው ይሄዳል፤ ሴትዮዋ ማምለጧ ይታወቃል» አለ ሙቀጫ፣ አሁን በለሆሳስ። «ያኔ መጀመሪያ የሚወሰደው እሱ ነው። እኔ አልፈልግም። አንቺ ትፈልጊያለሽ?»

ቁልፉ መዳፏ ውስጥ ሞቆ ነበር። በጠባቡ መስኮት ወደ ታች አየች። ሻሽ ያሰረች ሴት ሰሌዳው ዘንድ ቆማ እጇን አነሳች። ነጂው አንገቱን እንዳቀረቀረ ነው። ነፋሱ ድምፁን ይዞ መጣ።

«ብረቱ ሞልቷል!»

ከዚያ ነጂው ወደ ኮረብታው ዞረ። ደወሉን ይጠብቃል።

ከግድግዳው ጀርባ ያለው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ለሁሉም የቀረቻቸው አንዲት ምስክር ናት። እሷም ጀልባው ላይ ናት።

«ክፈቺ! ባልሽ ነው እኮ!»

ወንፊት ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ገመዱን በሁለት እጇ ያዘች።

ደወለች።

ጀልባው ከወደቡ ሲወጣ አላየችውም። ገመዱን ይዛ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ነበር። ኖራው ፊቷን ነጭ አደረገው።

የሙቀጫ ሰዎች በኋላው ደረጃ ሲመጡ ያገኙት ገመዱ ላይ የተንጠለጠለ ሰማያዊ ካፖርት ብቻ ነው። ሙቀጫም የለም፣ ሴቶቹም የሉም። ሦስቱ አብረው ኮበለሉ ብለው እየተሳደቡ ወደ ፈጣን ጀልባቸው ሮጡ። የሙቀጫን ጩኸት አልሰሙትም። በሩ ለዚያ ነው የተሠራው። ወንፊት ግቢው ውስጥ ለትርኢት በተደፋ አሮጌ ታንኳ ሥር ተጋድማ ስድባቸውን ሁሉ ሰማች። የጎብኚውን ጀልባ ሲደርሱበት ወደቡ ላይ ቆሟል፤ አስጎብኚዋም በጋሼ መኪና ሄዳለች።

በማግስቱ አዲስ ጎብኚዎች መጡ። በሩን የሚከፍት አልተገኘም።

«ሙዚየሙ ዝግ ነው! ብረት አላድልም! ፎቶ አንሡና እንመለስ!» አለ ነጂው።

ወንፊት ከሚያጉረመርሙት ጋር ተቀላቅላ እሷም አጉረመረመች። ብረት ስላልታደለ ብረት አልተቆጠረም፤ እሷም አብራቸው ተሳፍራ ወጣች።

ሙቀጫን ያወጡት ዘግይተው ነው። አላመኑትም። ጎንበስ ብሎ ይገባበት ወደነበረው ግድግዳ ጀርባ አስገቡት።

አስጎብኚዋ መሰከረች። ስሞቹን አንድ በአንድ ጠራች። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ግድግዳው ፈረሰ፤ ሰዎቹ በብርሃኑ ዓይናቸውን እየጨፈኑ ወጡ። ጋሼ ለወንፊት ስልክ ደወሉላት።

«የወጡትን ሁሉ አየኋቸው ልጄ…»

«ገባኝ፣ ጋሼ።»

ሥራውን መልቀቋን ነገረቻቸው፤ ለምን አላሏትም።

ሙዚየሙ እንደገና ሲከፈት ቲኬት ቆርጣ ሄደች። ነጂው ብረት አያያዘላት። ሰማያዊ ካፖርቷን የለበሰችው ያቺው አስጎብኚ ሰዉን እየመራች ግንባሩን አስመታችው፣ አሳቀችው፣ ከዚያ በፈረሰው ግድግዳ በኩል አሳለፈችው። ዓይኗ ወንፊት ላይ አረፈ።

ከዚያ ቀጠለች።

«እዚህ የነበረው ሰው ስሙን ብጠይቀው አልነገረኝም። ሌሎቹ ሁሉ ነግረውኛል። እሱ ግን ይስቃል። ወለሉን እዩት።»

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ጎድጓዳ መስመር ነበር። የተጎተተ እግር የቦረቦረው።

«እኔ በወጣሁ ማግስት ወሰዱት። ሌሎቹን ለመውሰድ ጊዜ አላገኙም። የእስር ጓደኞቹ እንደነገሩኝ፣ የዚያን ቀን ደወሉ ሲደወል ጆሮውን ቀስሮ አዳመጠና፣ ‹ዛሬ የምትደውለው ሌላ ሴት ናት› ብሎ ሳቀ።»

ወደ ሰዉ ዞረች። «ጥያቄ ያለው?»

ወንፊት ቀለበቷን በጣቷ ዙሪያ አዞረችው። ጥያቄ አልነበራትም።

ወደ ጀልባው ስትመለስ ብረቱን ፈትታ ሰሌዳው ላይ ሰቀለች። ከኮረብታው ላይ ደወሉ ተሰማ።

«ብረቱ ሞልቷል!» አለ ነጂው፣ ቀና ሳይል።