የወርቁ ሣጥን

ምስጋና ወልደ ኪዳንን ለኪዳን ጸሎት የመጡ ሴቶች ከዋሻው ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ከገደሉ ሥር በጀርባው ተንጋሎ አገኙት። ጊዜው ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነው፤ ፀሐይ ገና አልሞቀችም። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ላሊበላ ውስጥ ቱሪስት እያስጎበኘ አባቱን ይጦራል። ራሱ ከኋላ ተፈንክቷል። ዐይኖቹ ግን ተከድነዋል፤ ነጭ ጋቢ ተደርጎበታል፤ የእግሮቹ አውራ ጣቶች በቀጭን ፈትል አንድ ላይ ታስረዋል።

ኢንስፔክተር ባንቺዓለም ተንበርክካ ፈትሉን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። የፍላቂት ልጅ ናት፤ ችኩል ሰው አይወዳትም፣ እሷም ችኩል አትወድም።

«ገዳዩን እኮ ይዘነዋል» አላት ሳጅን ሸዕባን። «ፈንታው ይባላል። ማታ ጌም ቤት ውስጥ ‹እገድልሃለሁ› ሲለው ሰው ሁሉ ሰምቷል። ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ወልድያ እንልከዋለን።»

«ተናዶ የገደለ ሰው የሟቹን ዐይን ይከድናል?»

ሸዕባን ጎንበስ ብሎ ሟቹን እንደገና አየው።

ጣቢያው በር ላይ የፈንታው እናት ይማርሽ የባንቺዓለም እግር ላይ ወደቁ። «ልጄ፣ ሌላ የለኝም። ወልድያ ከወረደ አይመለስልኝም።»

«ይነሡ እናቴ። እስከ ስድስት ሰዓት ጊዜ አለን» አለቻቸው።

ፈንታው ዐይኑ አብጦ ነበር።

«ብያለሁ፣ አልክድም። ግን በንዴት ነው» አለ። «የቴሌቪዥን ኳስ ጨዋታው በሙሉ ዋጋው ነው የተገዛው። ከዚያ ደህና ተጫዋች ከፈለጋችሁ ሣጥን ግዙ አለን። ሣጥኑ ውስጥ ማን እንዳለ አይነግርሽም፤ ከከፈልሽ በኋላ ነው የምታዪው። ከዚህ ሆነን መክፈል ስለማንችል ምስጋና ብሩን ለሚያስጎበኘው ፈረንጅ ይሰጣል፤ ፈረንጁ በካርዱ ይከፍልልናል። ማታ ትልቁን፣ የወርቁን ሣጥን ከፈትን። የሁለት ወር ቁጠባዬ ነበረበት። የወጣልን በረኛ ነው። አራተኛ በረኛ! ጆይስቲኩን ግድግዳ ላይ ሰባበርኩት፣ ምስጋናንም ሰደብኩት።»

«እሱስ?»

«ሳቀ። ‹እክስሃለሁ› እያለ እስከ ቤቴ ሸኘኝ።» ፈንታው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ወንድሜ እኮ ነበር።»

ጌም ቤቱ አንድ ጠባብ ክፍል ነው፤ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። እንዳለው የሚባለው ባለቤቱ የተሰባበረውን ጆይስቲክ እየጠረገ ነበር። ይህን የምተርክላችሁ እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን ጨዋታ የሚሠራ ሰው ምን ዐይነት እንቅልፍ እንደሚተኛ አላውቅም። ሙሉ ዋጋውን ተቀብሎ፣ ገዢው ገና ሳይቀመጥ እንደገና እጁን ይዘረጋል።

«ሲዲውን ከአዲስ አበባ በሦስት ሺህ ብር ነው ያስመጣሁት» አለ እንዳለው። «ልጆቹ ‹ይሄ ጌም ነው ወይስ ለማኝ?› ይሉኛል። የሚሰድቡት እኔን ነው።»

«ከምስጋና ጋር ስለ ሣጥኑ መቼ ተነጋገራችሁ?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ደወለልኝ። አባቱ መምሬ ወልደ ኪዳን ከጎኑ ዳዊት ሲደግሙ ይሰማኝ ነበር።»

«ያለህን እንዳለ ንገረኝ።»

«‹ፈረንጁ ከፍሏል። የወርቁን ሣጥን ዛሬ እንከፍተዋለን። ንጉሡ ከወጣ ተገላገልን፤ ለማንም እንዳትናገር› አለኝ። ንጉሡ የምንለው አንዱን አጥቂ ነው፤ ዋጋው የማይቀመስ።»

«ከዚያስ?»

«ዘጋው።» እንዳለው መጥረጊያውን አቆመ። «የመምሬ ድምፅ ግን ቀደም ብሎ ጠፍቶ ነበር። ምነው ዳዊቱን አቋረጡት ብዬ ነበር።»

መምሬ ወልደ ኪዳን የዋሻው ቤተ ክርስቲያን ገበዝ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት፣ ጥንታዊ መስቀሉና ዘውዱ ሳይቀር፣ በእሳቸው እጅ ነው። ባንቺዓለም ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ስታገኛቸው ስስ ነጠላ ብቻ ለብሰው ይንቀጠቀጡ ነበር።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት አባቴ። ሌሊቱን የት አደሩ?»

«እቤቴ። ጩኸት ሰምቼ ነው የወጣሁ።»

«ምስጋና ከሰው ጋር ጠብ ነበረው?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። ሣጥኑም አልተነካ፤ ማኅተሙ እንዳለ ነው።»

ባንቺዓለም አመስግና ወጣች። በመንገዷ ወደ መምሬ ቤት ጎራ ብላ የምስጋናን መደብ ዐየች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ዋሻው ደጃፍ ተሰበሰቡ። መምሬ በመቋሚያቸው ተደግፈዋል፣ እንዳለው ከጎናቸው ነው። ፈንታው እጁ በካቴና ታስሯል፤ ይማርሽ እጅጌውን ጨብጠው ይዘዋል።

«የምስጋና ጣቶች የታሰሩበት ፈትል ሰም አለበት፤ የጧፍ ፈትል ነው» ብላ ጀመረች ባንቺዓለም። «ያሰረው ሙት መገነዝ የለመደ እጅ ነው። የለበሰው ጋቢም የራሱ አልነበረም፤ የእሱ ጋቢ እቤት መደቡ ላይ ተጣጥፎ አለ። ይሄኛው የሰም ጠብታ ያለበት፣ ዕጣን ዕጣን የሚል ነው። መምሬ፣ የእርስዎ ነው። በዚህ ብርድ በነጠላ ያገኘሁዎትም ለዚህ ነው። ልጅዎ የአባቱን ጋቢ ይዞ ጎሕ ሲቀድ እዚህ የሚመጣው አባቱ እዚህ ካደሩ ብቻ ነው።»

መምሬ ቀና አላሉም።

«ደግሞ እኔ ስለ ሣጥን አልጠየቅኩዎትም ነበር። ትናንት ልጅዎ ስልክ ሲያወራ ዳዊቱን አቋርጠው ሰሙት። ፈረንጅ ከፍሏል፣ የወርቅ ሣጥን ይከፈታል፣ ንጉሥ ይወጣል። ለዘውዱ ፈሩ፤ እዚህ መጥተው ዘውዱ የታሸገበትን ሣጥን ሲጠብቁ አደሩ።»

«አዎ» አሉ መምሬ በቀስታ። «ጎሕ ሲቀድ መጣ። ‹ሣጥኑን ልትከፍት ነው?› አልሁት። ሳቀብኝ። ‹ማታ ከፈትነው እኮ አባዬ፣ ምንም የለበትም› አለኝ። ቀድሞኛል፣ አደራውን ለፈረንጅ ሸጦታል አልሁ። በመቋሚያዬ ገፋሁት፤ ገደል ገባ።» መቋሚያቸውን መሬት ላይ ጣሉት። «ወርጄ ገነዝሁት። ተመልሼ ባይ ማኅተሙ አልተፈታም። ሊሰርቅ መጥቶ ነው፣ እግዚአብሔር ሳያደርሰው ቀረ እያልሁ ተጽናናሁ።»

«ለምን ዝም አሉ? ይሄ ልጅ ሊወሰድ ነበር እኮ!» አለ ሸዕባን።

«ብናገር ልጄ ሌባ ተብሎ ይቀበራል። አንደበቴ እንቢ አለኝ።» ወደ ይማርሽ ዞሩ። «በደልሁሽ፣ እቴ።»

ባንቺዓለም ወደ እንዳለው ተመለከተች። እንዳለው እንባውን እየጠረገ፣ «መምሬ፣ ጨዋታ ነው» አለ። «የቴሌቪዥን ጨዋታ። ሣጥኑም ንጉሡም ሥዕል ናቸው። ፈረንጁ የከፈለው ለዚያ ነው። ምስጋና ከዚህ ምንም ሊወስድ አልመጣም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ መጣ?»

«ብርድ እንዳይመታዎት ነው፣ አባቴ» አለች ባንቺዓለም።

ሽማግሌው እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። ሸዕባን የፈንታውን ካቴና ሲፈታ ይማርሽ ልጃቸውን አቅፈው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ፤ ደስታም ኀዘንም ነበር፣ ለመለየት ያስቸግራል። መምሬ ሁለት እጃቸውን ወደ ባንቺዓለም ዘረጉ።

«የሰው ልጅ ማስፈታትሽ ደግ ነው» አሉ። «ለእኔ ለብቻዬ ግን ሌባ ነበር ብለሽ ብትተይልኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?»

ባንቺዓለም ካቴናውን ከሸዕባን ተቀብላ ቆመች።